ከመርካቶ እስከ ጀፎረው

መስከረም በገባ በሁለተኛው ሳምንት መርካቶን የሚያይ ሰው፣ የከተማው ዓመት ሁለት ጊዜ እንደሚጀምር ይገባዋል። ለብዙዎቻችን አዲስ ዓመት እንቁጣጣሽ ነው፤ ለጉራጌ ነጋዴ ግን ሒሳቡ የሚዘጋው በመስቀል ነው። ዕዳ የሚከፈለው፣ እቁብ የሚወጣው፣ ለሱቅ ሠራተኛው ልብስ የሚገዛለት፣ ለእናት ሻሽ ለአባት ጋቢ የሚመረጠው ቀኑ ወደ መስቀል እየተቆጠረ ነው። በዓሉ ሲቃረብ የሱቅ በሮች አንድ በአንድ ይዘጋሉ። ሁልጊዜ ሰው ከሰው የሚያጋፋው መንገድ ሰፍቶ ይታያል። በአንጻሩ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የሚሄዱ መኪናዎች መነሻ ላይ ሰውና ጓዝ ይደበላለቃል፤ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ የቡና ከረጢት፣ አዲስ የፕላስቲክ ወንበር ሳይቀር መኪና ጣሪያ ላይ ይወጣል።

ዘንድሮ እኔም ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ነበርኩ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «በሰው አፍ የሰማሽው መስቀል ይበቃሻል፤ መጥተሽ እዪው» ብላ ወደ ቤተሰቦቿ፣ ወደ ቸሃ ወሰደችኝ። መንገዱን ሁሉ የተከተለኝ አንድ ሐሳብ ነበር። በመሥሪያ ቤታችን የበዓል ዝግጅት ኮሚቴ አባል ነኝ። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ አንድ ነገር እናዘጋጃለን፤ በየዓመቱም «ዘንድሮ ምን አዲስ ነገር እናምጣ?» እያልን እንጨቃጨቃለን። ሁሉም ቢጫ ይልበስ፣ አዳራሹ በአደይ አበባ ይሸፈን፣ የየአካባቢው የባህል ልብስ ቀን ይሁን፣ ዲኮር የሚሠራ ሰው ይቀጠር እንባባላለን። ሐሳቡ ያምራል፣ አዳራሹም ያምራል። የተጠራው ሰው ይመጣል፣ ይበላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ አመስግኖ ይሄዳል። በማግስቱ አንስቶ የሚያወራው ግን ብዙ አይገኝም። በዓል ሰው ልብ ውስጥ የሚቀረው በምን ምክንያት ነው? ይህን እያብሰለሰልኩ ነው ዓለም ገናን ያለፍነው።

ከሰበታ በኋላ አገሩ ይከፈታል። በቱሉ ቦሎና በወሊሶ መካከል ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው፤ የእርሻው ዳርና የመንገዱ ጠርዝ በአደይ ቢጫ ሆኗል። ከአጠገቤ የተቀመጠው ልጅ አዲስ አበባ ሊስትሮ ነው። ዕድሜው ከአሥራ አምስት አይበልጥም፤ ጉልበቱ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አቅፎ ይዟል። ምን እንደሆነ ብጠይቀው በኩራት ፈታ አድርጎ አሳየኝ። አንድ ሻሽ፣ አንድ ኪሎ ቡናና ጥቂት ጨው። ጨው በገጠሩም ገበያ አይጠፋምና ከአዲስ አበባ ድረስ መሸከሙ ገረመኝ።

«ጨው የኔ ነው» አለኝ። «በሬው የትልቁ ወንድሜ ነው፣ ቅቤው የእናቴ ነው፣ ጨው ደግሞ የኔ ነው። ካቻምና ነው የተሰጠኝ።»

«የተሰጠኝ» ያለው እንደ ሹመት ነበር። ልጁ ወደ ድግስ እየሄደ ያለ እንግዳ ሳይሆን ድግሱ ውስጥ ድርሻ ያለው ሰው ነው፤ እሱ ቢቀር የሚጎድል ነገር አለ። ዘወር ብዬ ሌሎቹን ተሳፋሪዎች ሳይ ሁሉም የዚያው ድግስ ቁራጭ ይዟል። አንዷ ኮረሪማ፣ አንዱ ለቤቱ የሚሆን አምፖልና ሽቦ፣ አንዱ ለታናናሾቹ ጫማ። ድግሱ ለብዙ እጅ ተከፋፍሎ በየመኪናው ወደ አገሩ እየተጓጓዘ ነው።

መንገዱ ራሱም እንዲህ ባለ መዋጮ የመጣ ነው። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ የመንገድ ሥራ ማኅበር መሥርተው ከነጋዴውም ከሊስትሮውም ገንዘብ እየሰበሰቡ ወደ አገራቸው መንገድ አስወጥተዋል። በእቁብና በእድር የሠለጠነ ሕዝብ መንገድንም በዚያው መላ ሠራው። ከአዲስ አበባ የሚመለሰው ልጅ ዛሬ በግማሽ ቀን እናቱ ደጅ የሚደርሰው ሌሎች ከእሱ በፊት ስላዋጡ ነው።

ወልቂጤ ስንደርስ ገበያው ደርቷል። ቅቤ በኮባ ተጠቅልሎ ተደርድሯል፤ ገዢዋ በጥፍሯ ጫፍ ቆንጥራ ታሸታለች፣ በምላሷ ትነካለች፣ ፊቷን አኮማትራ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። እዚህ ቅቤ የሚገዛው ግን ያልተሳካለት ወይም የጎደለበት ሰው ነው። ያወቀችበት ሴት የመስቀሏን ቅቤ ስታጠራቅም ነው የምትከርመው። የኛ ጉዞ ጉብሬን አልፎ ወደ እምድብር አቅጣጫ ነበረና ብዙ አልቆየንም።

ጀፎረውን ያየሁት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ጀፎረ የጉራጌ መንደር መሐል ለመሐል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ መንገድ ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይቆማሉ፤ ከኋላቸው የእንሰቱ ጓሮ አለ። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አጥር አይገፋበትም። ሠርጉ፣ ለቅሶው፣ የሽማግሌዎች ሸንጎው፣ የልጆች ጨዋታው እዚያ ላይ ነው፤ ደመራውም የሚተከለው እዚያው ነው። ከበዓሉ በፊት ሣሩ ታጭዶ፣ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ ነበርና ለተመልካች ዓይን ይሞላል። አዲስ አበባ ውስጥ ለበዓል አዳራሽ እንከራያለን፤ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ቅርጫውን በመኪና ማቆሚያ ላይ ይመታል። ሰው በዓሉን የሚያኖርበት የጋራ መሬት ከሌለው ሁልጊዜ ተከራይ ሆኖ ነው የሚያከብረው። ከተማ የሚያቅዱ ሰዎች ስለ አረንጓዴ ቦታ ሲናገሩ ይህንንም ቢያስቡት እመኛለሁ። ደመራ የሚተከልበት፣ ድንኳን የሚጣልበት፣ ልጆች የሚጨፍሩበት ሜዳ ለአንድ ሰፈር ቅንጦት አይደለም።

የጓደኛዬን እናት ሁሉም «እቴቴ» ነው የሚላቸው፤ እኔም እንደዚያው አልኳቸው። ቤቱ በአዲስ ጂባ ተነጥፏል፤ ግድግዳው ተለቅልቆ ገና የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። ግድግዳው ላይ ጥቁር የሸክላ ዕቃዎች ተሰቅለዋል፤ ከመታሸት ብዛት የእሳቱን ብርሃን መልሰው ያሳያሉ። እቴቴ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና አንዱን የሸክላ ማሰሮ ከፍተው አስሸተቱኝ። የነጠረ ቅቤ ነው። ኮረሪማው ቀድሞ ይመጣል፣ ኮሰረቱ ከኋላ ይከተላል።

«ይሄ የግንቦት ነው» አሉኝ። ሌላውን ከፈቱ። «ይሄ የነሐሴ። ያኛው ደግሞ እቁቤ የወጣልኝ ጊዜ ነው።»

የመንደሩ ሴቶች የቅቤ እቁብ አላቸው። አንዲት ላም ያላት ሴት በአንድ ጊዜ የሚበቃትን ያህል ቅቤ አታወጣም፤ ተሰብስበው በየተራ ለአንዷ ሲሰጡ ግን ማሰሮው ይሞላል። በሬው በወንዶቹ ነው የሚታሰበው፤ ከመስቀል ማግስት ጀምረው ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ወይ ወይፈን ገዝተው ያደልባሉ። ቆጮው ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። እንሰት ለመፋቅ የሚደርሰው ከተተከለ ዓመታት ካለፉት በኋላ ነው፤ ተፍቆ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ በኋላም ለመብሰል ጊዜ ይፈልጋል። ለዘንድሮ መስቀል የተጋገረው ቆጮ ታዲያ የትኛውን እንሰት እንደሚያነሡ ከወራት በፊት ጓሮ ውስጥ ቆመው የመረጡት ነው። ዕቅድ የሚባለውን ነገር በወረቀትና በስብሰባ ብቻ ለለመድን ሰዎች ይህ የሚያስደምም ነው፤ እቴቴ ምንም አልጻፉም፣ የረሱት ነገር ግን የለም።

ቆጮ ሲዘጋጅ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከጉድጓድ የወጣው በጨርቅ ተጨምቆ ውኃው ይወጣል፤ ከዚያ በቢላ ይከተከታል። ቃጫው በጣት እየተፈለገ ይለቀማል። ተነፍቶ፣ ታሽቶ፣ በኮባ ተሸፍኖ ምጣድ ላይ ይወጣል። አንዲት ቀጭን ቃጫ እንኳ በእንግዳ ጥርስ መካከል ከገባች የባለቤቷ ስም ይነሣል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፤ እቴቴ በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ይቀጥላሉ። ይህን ውበት ሳደንቅ የማልደብቀው ነገር አለ፤ የመስቀል ድካም አብዛኛው በሴት ትከሻ ላይ ነው። በሬ መግዛት አንድ ቀን ነው፤ ቅቤና ቆጮ ዓመቱን ሙሉ ነው። የዚህ ቤት ወንዶች ልጆች ከአዲስ አበባ ሲመጡ እንጨት ፈለጡ፣ ውኃ ቀዱ፤ ታናሽየው እንዲያውም ጎመን ልክተፍ ብሎ ቢላ ሲያነሣ እህቶቹ ሳቁበት፣ እቴቴ ግን ዝም አሰኟቸው። ከከተማ የሚመጣ አዲስ ነገር ሁሉ እንዲህ ያለ ቢሆን ማን ይጠላዋል!

ቀድሞ የሚነደው የልጆቹ እሳት ነው፤ ደንጌሳት ይሉታል። ልጆቹ ከሳምንታት ጀምረው ጭራሮ ሲለቅሙ፣ ለየቤታቸው ሲያስቀምጡ፣ አንዱ የአንዱን ክምር ሲመዝን ነበር። በዚያ ምሽት ሥልጣኑ የነሱ ነው። ማን ይለኩስ፣ ማን ቀድሞ ይጩህ የሚለውን ሲከራከሩ አንድም አዋቂ አልገባባቸውም። እሳቱ ሲነሣ በየደጁ ተመሳሳይ ብርሃን ታየ፤ ጀፎረው ከዳር እስከ ዳር ቀላ። ከዚያ ወደ ቤት ተገባና በደቃቁ የተከተፈ ጎመን በቅቤና በአይብ ታሽቶ ቀረበ፤ ያ ምሽት የጎመን ክትፎ ምሽት ነው። ሥጋው ገና ነው፤ እርዱ ወኸሚያ በሚሉት ቀን ይመጣል። በዓሉ ሁሉን ነገር በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይደረድርም። ቀን ለቀን፣ ለልጆች አንድ፣ ለወንዶች አንድ፣ ለሁሉም አንድ እያለ ያሻግራል። እኛ በመሥሪያ ቤት በሦስት ሰዓት ውስጥ ንግግሩንም፣ ምሳውንም፣ ኬኩንም፣ ሽልማቱንም፣ ጭፈራውንም ስንደራርብ ሰው ምኑን ያጣጥም?

አዋቂዎቹ ዋናውን ደመራ ከመለኮሳቸው በፊት አንድ ሌላ ሥራ ነበር። ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ተኳርፈው ከርመዋል። ሽማግሌዎች ጀፎረው ላይ ተቀምጠው አስጠሯቸው። ቂም ይዞ ደመራ መዞር ነውር ነው። ክርክሩ ረዘም አለ፤ አንደኛው ሰውዬ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሊሄድ ቃጣ፣ ሁለቴም ጋቢውን ይዘው አስቀመጡት። በመጨረሻ ተሳሳሙ። ሽማግሌው ረጅም ምርቃት መረቁ፤ ሁሉም «አሜን» አለ። በከተማ የበዓል መርሐ ግብር ላይ እንዲህ ያለ ተራ ቁጥር አይቼ አላውቅም። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ሳይነጋገሩ የሚውሉ ሰዎች እንዳሉ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ወኸሚያ ጠዋት በየደጁ እርድ ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶችም በራሳቸው ሥርዓት አርደዋል፤ ልጆቻቸው ከከተማ መጥተዋል፣ ቤታቸው እንደ ሌላው ሁሉ ተነጥፏል። ክትፎው በጣባ ቀረበልኝ፤ ሥጋው ጅማቱ እስኪጠፋ ድረስ ተከትፎ፣ በነጠረው ቅቤና በሚጥሚጣ ታሽቶ። ሲጎረስ እንደ ቅቤው ይሟሟል። የግንቦቱን ቅቤ ነበር እቴቴ የከፈቱት። ከመብላታችን በፊት ግን ለአንዲት ባሏ ለሞተባት ጎረቤት ድርሻዋ ተልኳል፤ ልጁ ይዞላት የሄደው በምጽዋት መልክ ሳይሆን የሷ የሆነውን እንደሚያደርስ ሰው ነው፤ እሷም ባዶ ዕቃ አልመለሰችም፣ ቡላ ልካለች።

ደመራው ተዙሮ፣ ዋናው ቀን ንቅ ባር አልፎ፣ ወጣቶቹ ለአዳብና ጭፈራ መዘጋጀት ሲጀምሩ ከጓደኛዬ ወንድሞች ጋር ስለ ከተማው ዝግጅት ተነሣ። መስቀል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ፣ ጥምቀትም በ2012 ዓ.ም. ከተጨመረ ወዲህ በየቦታው መድረክ በዝቷል፤ ባነር፣ ድምፅ ማጉያ፣ የእንግዶች ወንበር። ከነሐሴ 16 ጀምሮ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ እየተባለ የሚከበረው የልጃገረዶች በዓልም እንዲሁ ነው። ልጃገረዶቹ የበዓሉን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የሚጫወቱት ጨዋታ አሁን አሁን ስታዲየም ውስጥ ይታያል። ስታዲየሙን አልጠላም፤ ልጆቹ በሺሕ ሰው ፊት ሲጨፍሩ ዓይናቸው ያበራል። የምፈራው ቤት ለቤቱ እንዳይቀር ነው። ከቤት ወደ ቤት ሲዞሩ በሯን የምትከፍተው ሴት የበዓሉ ሰው ናት። ስታዲየም ውስጥ ተመልካች ትሆናለች።

የተመልካች መብዛት ሌላም የሚያስፈራ ነገር አለው፤ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጥምቀት ጎንደር ላይ የሆነውን ማን ይረሳል? ከቀሃ ወንዝ በሚመጣው ውኃ በሚሞላው በአፄ ፋሲል መዋኛ ዙሪያ ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞቱ። በዓል ለማክበር የሄደ ሰው ሬሳው ለቤተሰቡ ተመለሰ። ታዳሚ ሲበዛ ችካሉን፣ ምሰሶውን፣ መውጫውን የሚቆጥር ሰው ከሌለ ድምቀቱ ምን ያደርጋል? የዝግጅት መጀመሪያው የሰው ነፍስ ነው፤ ጌጡ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ግን አዲስ ነገር ሁሉ ከላይ የሚጫን አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ወጣቶች በታቦቱ ፊት ቀይ ምንጣፍ እየዘረጉ፣ ታቦቱ ሲያልፍ ከኋላ ጠቅልለው ወደ ፊት እየሮጡ፣ እንደገና እየዘረጉ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ የሚያደርሱበት ልማድ ከጥንት የወረስነው አይደለም፤ በዚህ ትውልድ የመጣ ነው። ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ተመሳሳይ ካናቴራ ያሠራሉ፣ ከዋዜማው ጀምረው መንገድ ይጠርጋሉ። የላባቸውን ብዛት ከቅርብ ያየ ሰው አይረሳውም። ጎንደርም ውስጥ ወጣቶች የኖኅን መርከብና የነገሥታቱን ግብር የሚያሳዩ ትርዒቶች በመኪና ላይ ሠርተው ያወጣሉ። በመስቀል አደባባይ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ለደመራው ትርዒት ሲለማመዱ ይከርማሉ። ይህ ሁሉ አዲስ ነው፣ ይህ ሁሉ ደግሞ ጸድቋል። ለብዙ ወጣት እጅ ሥራ ስለሰጠ ይመስለኛል። ምንጣፍ የዘረጋ ልጅ «ጥምቀት አየሁ» አይልም።

አንደኛው ወንድሟ ግን አልተስማማም። «ከተማ ውስጥ ሰው ጊዜ የለውም» አለ። «ሥራ ብታካፍዪው አይመጣም። ገንዘቡን ይሰጥሻል፣ ጉልበቱን አይሰጥሽም።» እውነት አለው። እዚህም ቢሆን ወጪው ብዙዎችን እንደሚያስጨንቅ፣ ባዶ እጁን ላለመምጣት ሲል ብድር የሚገባ፣ ጭራሽ የሚቀር ልጅ እንዳለ ነገረኝ። ከዓመት ወደ ዓመት የበሬ ዋጋ ይጨምራል። ለዚህ ነው ያ ሊስትሮ ልጅ ያሸከመኝ ትምህርት የከበደኝ፤ በሬ ያልቻለ ጨው ይይዛል። ድርሻው ሲያንስ ክብሩ እንዳያንስ አድርጎ ማካፈል ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፤ ይህን ጥበብ ደግሞ ከተከራየነው ዲኮር ሠሪ አናገኘውም።

ለመመለስ ጓዛችንን ስናስር እቴቴ ቤት ሴቶች ተሰብስበው ነበር። በዓሉ ገና አላለቀም፤ እነሱ ግን የሚመጣውን ዓመት የቅቤ እቁብ እያወጡ ነው። ዕጣ በቃጫ ቁራጭ ጎተቱ። አንዷ «ዘንድሮ ላሜ ትወልዳለች፣ በመጀመሪያው ወር አታስገቡኝ» አለች፤ ተፈቀደላት። ሌላዋ ልጇን ልትድር ስለሆነ ተራዋ እንዲቀድም ጠየቀች፤ ትንሽ ካንጎራጎሩ በኋላ እሱም ተፈቀደ። ኮረሪማ ከማን እንደሚመጣ፣ አዲስ ጣባ ማን እንደሚያስገዛ ተመደበ። እኔ የቡናዬን ስኒ ይዤ አዳምጣለሁ።

እቴቴ ዘወር አሉና «አንቺስ?» አሉኝ።

«እኔ ምን?»

«ሚጥሚጣው ዘንድሮ አልጣመኝም። ለከርሞ አንቺ ያዢ። በርበሬውን ራስሽ ለቅመሽ፣ ራስሽ አስፈጭተሽ።»

ስንት ኪሎ እንደሚበቃ ጠየቅኳቸው። ሴቶቹ በሰው ብዛት ማስላት ጀመሩ።